በባሩድ ኃይል ሚስማር የሚመታው መሣሪያ፤ ስለ አሻሻጡና ስለ አያያዙ

የሕንፃ ሥራ እየተፋጠነ በመሄዱ፣ ቀድሞ በመዶሻና በመሮ፣ ኋላም በትራፓኖና በፊሸር ይከናወን የነበረውን ሥራ በአንድ ተኩስ የሚፈጽም መሣሪያ በገበያ ላይ ይገኛል። ይህ መሣሪያ በውስጡ በምትገባ አንዲት ትንሽ የባሩድ ጥይት ኃይል፣ የጠነከረ የብረት ሚስማር በአርማታ ወይም በብረት ውስጥ በቅጽበት የሚተክል ነው። በተለምዶ «የሚስማር ሽጉጥ» ቢባል ስሙ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ አፈሙዝ አለው፣ ቃታ አለው፣ መርፌ አለው፣ ጥይትም ይጎርሳል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ሽጉጥ የሚሸጥ ሰው ምን እንደሚሸጥ አስቀድሞ ያውቃል፤ ይህንን መሣሪያ የሚሸጠው ባለመደብር ግን ከመዶሻና ከጉጠት ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ደርድሮ እንደ ማናቸውም የእጅ መሣሪያ ሊቆጥረው ይችላል።

ስለዚሁ መሣሪያ የሚሰጠው የጥንቃቄ ምክር አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ለሠራተኛው ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ቃታውን የሚስበው እርሱ ነውና። ነገር ግን መሣሪያው፣ ጥይቱና ሚስማሩ ከሠራተኛው እጅ ከመድረሳቸው በፊት በአስመጪው መጋዘን፣ በጅምላ ሻጩ ካርቶንና በባለመደብሩ ጠረጴዛ ላይ ያልፋሉ። ለመሣሪያው የማይስማማ ጥይት ከሠራተኛው እጅ ሊገባ የሚችለው አንድ ነጋዴ ስለ ሸጠለት ነው። በስስ ግድግዳ ላይ የተተኮሰ ሚስማር ግድግዳውን በስቶ በወዲያኛው ክፍል የቆመውን ሰው ሲያገኘው፣ የተመታው ሰው ስለ ጥይት ቀለምም ሆነ ስለ ግድግዳ ውፍረት የሚያውቀው ነገር የለም፤ ዕቃውን የሸጠው ነጋዴ ግን ሊያውቅ ይገባው ነበር። ስለዚህ ይህ ትምህርት የቀረበው በተለይ ለአስመጪዎችና ለባለመደብሮች ነው።

መሣሪያው አዲስ ግኝት አይደለም። የመጀመሪያው አሠራር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ከሮበርት ቴምፕል ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል፤ ዓላማውም በውኃ ውስጥ ሳሉ ጉዳት በደረሰባቸው መርከቦች አካል ላይ የብረት ሰሌዳ ለመለጠፍ ነበር። ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የፈረሱት ከተሞች እንደገና ሲታነጹና አርማታ በብዛት ሥራ ላይ ሲውል፣ መሣሪያው ከመርከብ ወደ ሕንፃ ተሻገረ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 ዓ.ም. በሊክተንስታይን አገር ሻን በተባለች ከተማ ማርቲንና ኦይገን ሒልቲ የተባሉ ወንድማማቾች ያቋቋሙት ድርጅት ይህንን ሥራ ካስፋፉት አንዱ ነው።

በመጀመሪያ የነበረው አሠራር የጠመንጃ አሠራር ነበር። የባሩዱ ጋዝ የሚስማሩን ጀርባ በቀጥታ ይገፋል፤ ሚስማሩም እንደ አረር ሆኖ ከአፈሙዙ ይወጣል። ግድግዳው ከሳሳ ወይም ሚስማሩ ከሳተ ሙሉ ጉልበቱን እንደ ያዘ ይሄዳል፤ በመንገዱ ላይ ሰው ቢያገኝ ሊገድለው ይችላል። በ1950ዎቹ ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እየተስፋፋ የመጣው ሁለተኛው ዓይነት ግን በፒስተን የሚሠራ ነው። በዚህኛው ጋዙ የሚገፋው ከባድ የብረት ፒስተን ነው፤ ፒስተኑ ሚስማሩን እንደ መዶሻ ይመታዋል፣ እርሱ ራሱ ግን ከመሣሪያው አይወጣም። የኃይሉ አብዛኛው ክፍል በፒስተኑ ስለሚቀር፣ ሚስማሩ ግድግዳውን በስቶ ቢያልፍ እንኳ ይዞት የሚሄደው ጉልበት ከፊተኛው እጅግ ያነሰ ነው። በአሜሪካ የደረጃ ደንብ የሚስማሩ ፍጥነት በሴኮንድ ከ100 ሜትር የማይበልጥ መሣሪያ «ዝቅተኛ ፍጥነት ያለው» ተብሎ ይመደባል። ሆኖም «ዝቅተኛ» የሚለው ቃል ማንንም ሊያዘናጋ አይገባም፤ በሴኮንድ 100 ሜትር ማለት በሰዓት 360 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አስመጪው ካታሎግ ሲመለከት ከዋጋው አስቀድሞ ሊያጣራው የሚገባው ነገር መሣሪያው በፒስተን የሚሠራ መሆን አለመሆኑን ነው። የቀድሞውን አሠራር የያዘ ያገለገለ መሣሪያ በርካሽ ሲቀርብለት ያልፈው ዘንድ ይመከራል።

ሚስማሩም ተራ ሚስማር አይደለም። በእሳት የጠነከረ፣ ቢሆንም በምት እንዳይሰባበር ሆኖ የተዘጋጀ ነው። ወደ ብረት ሲገባ ብረቱን ወደ ጎን ገፍቶ ያልፋል፤ የተገፋውም ብረት ተመልሶ ሚስማሩን ጨምቆ ይይዘዋል። ወደ አርማታ ሲገባ ደግሞ በመፋተግ የሚፈጠረው ሙቀትና ግፊት ሚስማሩንና አርማታውን ያጣብቃቸዋል። በሚስማሩ ላይ የሚታየው ትንሽ የፕላስቲክ ቀለበት ለጌጥ የተደረገ ሳይሆን ሚስማሩን በአፈሙዙ ውስጥ ቀጥ አድርጎ የሚመራ ነው። በመዶሻ የሚመታው የኮንክሪት ሚስማር በኪሎ የሚሸጥና ዋጋውም የቀነሰ ስለሆነ «ይኼስ አይሆንም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ አይጠፋም። አይሆንም። በአፈሙዙ ውስጥ ሊጣመም ወይም ሊሰበር፣ ስብርባሪውም ተመልሶ ተኳሹን ሊመታ ይችላል።

ከዚህ የምንረዳው መሣሪያው፣ ጥይቱና ሚስማሩ ሦስት ዕቃዎች መስለው ቢታዩም በእውነቱ አንድ ዕቃ መሆናቸውን ነው። አንዱ ለሌላው ተለክቶ፣ በአንድነትም ተፈትኖ የተሠራ ነው። ይህ ነገር ለነጋዴ በመጠኑ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። በንግድ ልማድ ዋናው ዕቃ አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ቀጣዩ ትርፍ የሚገኘው በየጊዜው ከሚያልቀው ዕቃ ነው። በመሆኑም መሣሪያውን ከአንዱ ፋብሪካ፣ ጥይቱን ዋጋ ከቀነሰው ከሌላው፣ ሚስማሩንም ከሦስተኛው ገዝቶ ገዢው እንዲያማርጥ መደርደር ጥሩ ንግድ ይመስላል። ለቀለምና ለብሩሽ ይሠራል፤ ለዚህ ዕቃ ግን አይሠራም።

ጥይቶቹ በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ሁሉም አረር የሌላቸውና ጫፋቸው ታጥፎ የተዘጋ ትንንሾች ናቸው። በስፋታቸው ግን 5.6፣ 6.3 እና 6.8 ሚሊ ሜትር እየተባሉ ይለያያሉ፤ እነዚህኑ አሜሪካውያን በኢንች መቶኛ ቆጥረው 22፣ 25 እና 27 ካሊበር ይሏቸዋል። በቁመትም ይለያያሉ። 6.8 በ11 እና 6.8 በ18 ተብለው የሚጠሩት ጥይቶች ስፋታቸው አንድ ሲሆን ቁመታቸው ግን የተለያየ ነው። አንዳንዱ መሣሪያ አንድ አንድ እያለ ይጎርሳል፤ ሌላው ደግሞ 10 ጥይት እንደ ዝናር በተሰካበት የፕላስቲክ ማሰሪያ ይሠራል። አንድ ጥይት በመሣሪያው ጎድጓዳ ውስጥ መግባቱ ብቻ የዚያ መሣሪያ ጥይት መሆኑን አያረጋግጥም።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በቀለሙ ጉዳይ ነው። የጥይቱ ኃይል የሚታወቀው ጫፉ ላይ በተቀባው ቀለም ነው፤ ቀለሙ ግን በየአገሩና በየፋብሪካው አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። በአሜሪካው ሥርዓት ኃይሉ ከ1 እስከ 12 ይቆጠራል፤ ግራጫ 1፣ ቡናማ 2፣ አረንጓዴ 3፣ ቢጫ 4፣ ቀይ 5፣ ሐምራዊ 6 ነው። ከዚያ በኋላ እነዚያው ቀለሞች እንደገና ከመጀመሪያው ይነሡና ግራጫ 7፣ ቡናማ 8 እያለ እስከ ሐምራዊ 12 ይደርሳል። ሁለቱን ተርታዎች የሚለያቸው የቀለሁ መልክ ነው፤ ከ1 እስከ 6 ያሉት ቀለሃቸው የናስ ቢጫ፣ ከ7 እስከ 12 ያሉት ደግሞ የኒኬል ነጭ ነው። እንግዲህ ጫፉ አረንጓዴ የሆነ ጥይት 3ኛ ደረጃም 9ኛ ደረጃም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። መብራቱ በደከመ ሱቅ ውስጥ፣ አምፖሉም ቢጫ ከሆነ፣ የናሱን ከኒኬሉ መለየት ለደኅና ዓይን እንኳ ቀላል አይደለም።

በአውሮፓ በስፋት በሚሠራበት ሥርዓት ደግሞ ኃይሉ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊ ወደ ቀይ እየበረታ ሄዶ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቁሩ ነው። ሰማያዊና ጥቁር በአሜሪካው ተርታ ውስጥ የሉም። የአሜሪካን ካታሎግ ብቻ የለመደ ሻጭ ጥቁሩን ጥይት ሲያይ በየት እንደሚመድበው አያውቅም። ስለዚህ «ቢጫ ጥይት ስጠኝ» ብሎ የመጣ ገዢ ገና በቂ ነገር አልተናገረም፤ መሣሪያው የማን ፋብሪካ ሥራ እንደ ሆነ፣ ቁጥሩ ስንት እንደ ሆነና የጥይቱ ስፋትና ቁመት ምን ያህል እንደ ሆነ ሊጠየቅ ይገባዋል። ባያውቅ መሣሪያውን ወይም ያለቀበትን ሣጥን ይዞ ይምጣ። ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችሉ ሰዎች እንዳሉም መዘንጋት አይገባም፤ የአሜሪካው ደረጃ በዚህ መሣሪያ የሚሠራው ሰው ቀለሞቹን መለየት የሚችል እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ ሕግ ለሻጩ ባይጻፍም ባለመደብሩ በጠረጴዛው ላይ ለሚያቆመው ልጅ ሊያስብበት ይገባል።

ሌላው ጉዳይ በመደብር ውስጥ የተለመደው ሣጥን ከፍቶ በቁጥር የመሸጥ ነገር ነው። ገዢው 20 ጥይት ብቻ ይፈልጋል፤ ሣጥኑ 100 ይይዛል፤ ባለመደብሩም ገዢውን ላለማስከፋት ሣጥኑን ቀዶ 20 ቆጥሮ በፌስታል ያስረክባል። በዚህ ትንሽ መልካም ሥራ ሁለት ነገር ይጠፋል። አንደኛው፣ የጥይቱ ስፋት፣ ቁመት፣ የኃይል ቁጥርና የፋብሪካው ስም የተጻፈው በሣጥኑ ላይ ስለሆነ፣ ጥይቱ ከዚያ ሲወጣ ከቀለሙ በቀር ምስክር የሌለው ይሆናል። ሁለተኛው የማሸጊያው ጉዳይ ነው። በዓለም አቀፍ የአደገኛ ዕቃዎች ማጓጓዣ ሥርዓት እንደነዚህ ያሉ ጥይቶች የሚመደቡት «1.4 ኤስ» በሚባለው ክፍል ነው። የመጀመሪያው 1 ፈንጂ መሆናቸውን፣ 1.4 የሚለው በአንድነት ጉዳታቸው አነስተኛ መሆኑን፣ «ኤስ» የሚለው ደግሞ በድንገት ቢፈነዱ ጉዳቱ ከማሸጊያው ውጭ የማያልፍ ሆነው መታሸጋቸውን ያመለክታል። ይህ ማዕረግ የተሰጠው ጥይቱ በተፈተነው ማሸጊያ ውስጥ ሳለ ነው። በፌስታል ተቋጥሮ ከቁልፍ፣ ከሳንቲምና ከሚስማር ጋር በኪስ የተከተተ ጥይት ይህ ማዕረግ የለውም። ስለዚህ ሣጥን አለመቅደድ የተሻለ ነው፤ 20 ጥይት ብቻ የሚፈልገው ገዢ ደግሞ ምናልባት መሣሪያው ጨርሶ አያስፈልገው ይሆናል። ለጥቂት ቀዳዳ ትራፓኖና ፊሸር ይበቃል፤ ይህንንም ለገዢው መንገር ሽያጭ የማጣት ያህል ሊቆጠር አይገባም፤ ትራፓኖውም ከዚያው መደብር ይገዛልና።

አስመጪው በበኩሉ ጥንቃቄውን የሚጀምረው ከትእዛዝ ደብዳቤው ነው። «ለሚስማር መተኮሻ የሚሆን ጥይት 50 ካርቶን ይላክልን» የሚል ደብዳቤ ጎደሎ ደብዳቤ ነው። ላኪው የፈለገውን ቢልክ ተጠያቂ አይሆንም፤ ዕቃው ከደረሰ በኋላ የሚደረገው የደብዳቤ ልውውጥም ወራት ይፈጃል። በደብዳቤውና በፕሮፎርማው ላይ የመሣሪያው ፋብሪካና የሞዴል ቁጥር፣ የጥይቱ ስፋትና ቁመት በሚሊ ሜትር፣ ቀለሙ ከኃይል ቁጥሩ ጋር፣ በነጠላ ወይም በማሰሪያ መሆኑ፣ የሚስማሩ ርዝመትና ውፍረት ተለይቶ መጻፍ አለበት። ለእያንዳንዱም መሣሪያ የአጠቃቀም መጽሐፍ፣ የማጽጃ ብሩሽ፣ የሚያልቁ መለዋወጫዎችና ስብርባሪ የሚከለክለው የአፈሙዝ ጋሻ አብረው እንዲላኩ ይጠየቅ። መጽሐፉ ገዢው በማያውቀው ቋንቋ ብቻ ከሆነ፣ ዋና ዋናዎቹን ትእዛዞች አስተርጉሞ በአንድ ገጽ ማዘጋጀት ለአስመጪው ብዙ ወጪ አይሆንበትም።

ከትእዛዙም በፊት ጥይቱን ወደ አገር ለማስገባት፣ ለማጓጓዝና ለማከማቸት ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የሚመለከተውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ መጠየቅና መልሱን በፋይል ማኖር ይገባል። በሰነድ ላይ «ጥይት» የሚል ቃል ሲታይ መርማሪው ቢጠነቀቅ ሊወቀስ አይችልም። ይህንን በመፍራት ዕቃውን «የሚስማር መለዋወጫ» ብሎ ማስመዝገብ ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ በመርከብም ሆነ በመኪና ላይ የሚጭኑት ሰዎች ከምን ጋር እንደሚያስቀምጡት እንዳያውቁ ያደርጋል። እንዲሁም ፈንጂ ነገር በፖስታ መላክ በዓለም አቀፉ የፖስታ ውል የተከለከለ ስለሆነ፣ ላኪውን «ለናሙና ጥቂት ጥይት በፖስታ ላክልኝ» ብሎ መጠየቅ አይገባም። ከዱባይ ወይም ከጓንጁ የሚመለስ ነጋዴም ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ በሻንጣው ሊይዘው አይችልም።

አሁን ወደ ሽያጩ ጠረጴዛ እንመለስ። ገዢው ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «ሚስማሩን የምትመታው በምን ላይ ነው?» ተብሎ ነው። መሣሪያው የተሠራው ለአርማታና ለተራ የግንባታ ብረት ነው። ጊዛ የሚባለው ፈስሶ የተሠራ ብረት፣ በእሳት የጠነከረ ብረት፣ መስተዋት፣ ሴራሚክ፣ ጥቁር ድንጋይና ይህን የመሳሰለው ሁሉ አይሆንም፤ ወይ ይሰነጠቃል፣ ወይ ሚስማሩን አንጥሮ ይመልሰዋል። በተቃራኒው ጂፕሰም፣ ኮምፔንሳቶ፣ የጭቃ ግድግዳና ልስን በጣም የሚሳሱ ስለሆኑ ከኋላቸው ጠንካራ ነገር ከሌለ ሚስማሩ አልፏቸው ይሄዳል።

በኢትዮጵያ ከተሞች ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ብሎኬት ነው። በአርማታ ምሰሶዎች መካከል የሚገነባው ግድግዳ በአብዛኛው ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት የሚሠራ ነው፤ ከተለሰነና ቀለም ከተቀባ በኋላ ደግሞ ምሰሶው የት እንዳበቃ፣ ብሎኬቱ የት እንደ ጀመረ በዓይን አይለይም። የብሎኬቱ ቅርፊት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከእርሱ ወዲያ ባዶ ቦታ ነው። ለአርማታ የተመረጠ ጥይት በብሎኬት ላይ ሲተኮስ ሚስማሩ ቅርፊቱን ሰብሮ ሊያልፍ ይችላል። በወዲያኛው ወገን ደግሞ መኝታ ቤት፣ ኮሪደር ወይም የጎረቤት ሱቅ አለ። በአዲስ አበባ በብዙ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች እንደሚታየው፣ ወለሉ ቀድመው በተዘጋጁ የአርማታ አግዳሚዎችና በመካከላቸው በተደረደሩ ክፍት ብሎኬቶች የተሠራ ከሆነ፣ ከሥር ወደ ላይ የሚተኩሰው ሠራተኛም ያው ችግር ይገጥመዋል። አግዳሚውን ካገኘ ሚስማሩ ይይዛል፤ ብሎኬቱን ካገኘ አይይዝም፣ የተሰቀለውም ዕቃ አንድ ቀን ይወርዳል። ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚሆነውን ጥይት ለመምረጥ የሚቸገር ባለመደብር መልሱ ጥይት አለመሸጥ መሆኑን ይወቅ።

ግድግዳው ምን እንደሆነ ለማያውቅ ገዢ አንድ ቀላል ፈተና ሊነገረው ይቻላል። የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጎ፣ የመሣሪያውን ሚስማር እንደ መሮ ይዞ በተራ መዶሻ አንድ ጊዜ ይምታው። የሚስማሩ ጫፍ ከደነዘዘ ቦታው እጅግ ጠንካራ ነው፤ ቦታው ከተሰነጠቀ ወይም ከተፈረከሰ ተሰባሪ ነው፤ ሚስማሩ በቀላሉ ከገባ እጅግ የሳሳ ነው። በሦስቱም አይተኮስም። ሚስማሩ ሳይደነዝዝ ጥርት ያለ ትንሽ ጎድጓዳ ምልክት ከተወ ግን መሞከር ይቻላል። የአርማታው ውፍረት ሚስማሩ ከሚገባበት ጥልቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ መሆን አለበት፤ 25 ሚሊ ሜትር ለሚገባ ሚስማር 75 ሚሊ ሜትር አርማታ ማለት ነው። በአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ደንብ መሠረት ከአርማታ ጠርዝ ከ3 ኢንች፣ ይኸውም ከ7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል፣ ከብረት ጠርዝ ደግሞ ከግማሽ ኢንች በቀረበ ቦታ አይተኮስም። አንድ ጊዜ ተመትቶ የተፈረከሰ ቦታም ለሁለተኛ ሚስማር አይሆንም። ጥይቱን በሚመለከት ሁልጊዜ የሚጀመረው ለመሣሪያው ከተፈቀዱት ውስጥ ከደካማው ነው፤ ሚስማሩ በበቂ ካልገባ ወደሚቀጥለው ደረጃ አንድ ብቻ ይወጣል። «ጠንካራውን ስጠኝ፣ አንዴ ይግባልኝ» የሚለው ገዢ ነገሩን ገልብጦታል።

መሣሪያው አፈሙዙ በሥራው ቦታ ላይ በኃይል ካልተጫነ እንዳይተኩስ ተደርጎ የተሠራ ነው። የአሜሪካው ደንብ ይህ መጫኛ ኃይል ከመሣሪያው ክብደት ቢያንስ በ5 ፓውንድ እንዲበልጥ ይጠይቃል፤ በራሱ ክብደት ወድቆ እንዳይተኩስ ነው። ይህ መልካም መከላከያ ነው፤ ይሁን እንጂ በሽያጭ ጠረጴዛ ላይ አንድ መጥፎ ልማድ ሊወልድ ይችላል። ገዢው «እንዴት ነው የሚሠራው?» ሲል፣ ሻጩ ባዶ ነው ብሎ በማመን አፈሙዙን በግራ መዳፉ ላይ ተጭኖ ያሳየዋል። በውስጡ የተረሳ ጥይት ካለ መዳፉን ያጣዋል። መሣሪያ ባዶም ሆነ የጎረሰ በሰው ላይ አይነጣጠርም፤ በመዳፍ ላይ ጨርሶ አይጫንም። ለማሳየት ካስፈለገ ከፍቶ ባዶ መሆኑን አይቶና አሳይቶ፣ በእንጨት ጉማጅ ላይ መጫን ይቻላል። መጫኛው የላላ ያገለገለ መሣሪያ ደግሞ ወደ ጥገና እንጂ ወደ መደርደሪያ አይመለስም።

ሠራተኛው ሊያውቃቸው የሚገቡት ሌሎች ደንቦች በአጭሩ እነዚህ ናቸው። ያልሠለጠነ ሰው አይተኩስም። መሣሪያው በየቀኑ ከመጉረሱ በፊት ይፈተሻል። የሚጎርሰው ልክ ሊተኮስ ሲል ነው እንጂ ጎርሶ ከወለል ወለል አይዞርም፣ ያለ ጠባቂም አይተውም። ተኳሹና አጠገቡ ያሉት ሁሉ የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ ያደርጋሉ። ከግድግዳው በስተጀርባ ያለው ክፍል አስቀድሞ ባዶ ይደረጋል። ቤንዚን፣ የቀለም ማቅጠኛ ወይም ጋዝ ባለበት ቦታ አይተኮስም። በግድግዳው ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የውኃ ቧንቧ የሚያልፍበት ቦታም መታወቅ አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ጥይቱ ሲከሽፍ ነው። ቃታው ተስቦ ድምፅ ሳይሰማ ሲቀር፣ የሰው ተፈጥሮ ወዲያው መሣሪያውን አንሥቶ አፈሙዙን ወደ ፊት ዞሮ መመልከት ነው። ባሩዱ ግን ዘግይቶ ሊነድ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው በቦታው ላይ እንደ ተጫነ ቢያንስ 30 ሴኮንድ መቆየት አለበት። ከዚያም ሁለተኛ ቃታ ይሳባል፤ አሁንም ካልተኮሰ እንደ ተጫነ ሌላ 30 ሴኮንድ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በፋብሪካው መጽሐፍ መሠረት ጥይቱ ይወጣል። 30 ሴኮንድ እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ ለሚሠራ ሰው ረጅም ጊዜ ነው፤ ፎርማኑም «ምን ቆመሃል?» ይለዋል። ባለመደብሩ ከመሣሪያው ጋር ከሚሰጠው ምክር ሁሉ አንድ ብቻ እንዲናገር ቢፈቀድለት ይህንኑ ይንገረው።

መሣሪያውን ለድርጅታቸው የሚገዙ አሠሪዎች ይህ ሁሉ የሚመለከታቸው በሕግም ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኞቹን ከሥራቸው ስለሚመጣው አደጋ እንዲያስገነዝብና የአደጋ መከላከያ ዕቃዎችን እንዲያቀርብላቸው ያዛል። ስለሆነም ለድርጅት በሚዘጋጅ የዋጋ ማቅረቢያ ላይ መነጽሩንና የጆሮ መከላከያውን ከመሣሪያው ዋጋ ጋር አብሮ መጻፍ ተገቢ ነው፤ ገዢው ዋጋ ለማስቀነስ ቢሠርዘው እንኳ መቅረቡ በሰነድ ይቀራል።

በመጨረሻ የአቀማመጡ ነገር አለ። ጥይቱ ከመሣሪያው ተለይቶ፣ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ፣ ከእርጥበትና ከሙቀት በራቀ ቦታ ይቀመጣል። ከጋዝ፣ ከቀለም ማቅጠኛና ከአሴቶን ጋር በአንድ መደርደሪያ አይውልም፤ የሕንፃ ዕቃ መደብር ሁሉ እነዚህን ስለሚይዝ ይህ ትእዛዝ ሱቁን እንደገና መደርደር ሊጠይቅ ይችላል። የሁለት ፋብሪካ ጥይት የሚሸጥ መደብር ሁለቱን በተለያየ መቆለፊያ ውስጥ ያኑር፤ ከሣጥኑ ውጭ የተገኘ ጥይትም ቀለሙ ቢመስል ወደ ማናቸውም ሣጥን አይመልሰው።

የከሸፉትን ጥይቶች በሚመለከት አንዳንድ ገዢ «አልሠራም፣ ቀይርልኝ» ብሎ ወደ ሱቅ ይዞት ይመጣል። ሻጩ ይቀበለው፤ ገዢው በደጅ ቢጥለው ልጅ ያነሣዋል፣ ከቆሻሻ ጋር ቢጣል ቆሻሻው ሲቃጠል ይፈነዳል። የተቀበለውንም ከደኅናው ጋር ሳይቀላቅል፣ ከሱቁ ጀርባ በውኃ በተሞላና «የከሸፈ ጥይት» ተብሎ በተጻፈበት ቆርቆሮ ውስጥ ያስገባው፤ ቁጥሩን በመዝገብ ይጻፍ፤ ሲጠራቀምም አስመጪው በፋብሪካው ትእዛዝ መሠረት እንዲያስወግደው ይመልስለት። አስመጪውም ከአንድ ጭነት የከሸፈው ብዛት ከሌላው ጎልቶ ከታየው፣ የጭነቱን ቁጥር ጠቅሶ ለፋብሪካው የሚጽፍበት ማስረጃ በእጁ ይኖረዋል።